ራውተሩን ገዛን፤ ትዕዛዙን ማን ጻፈው?

በመርካቶም ሆነ በቦሌ አካባቢ አዲስ ቢሮ የሚከፍት ነጋዴ ከጠረጴዛና ከወንበር ቀጥሎ ከሚያሟላቸው ነገሮች አንዱ የኢንተርኔት መስመርና ራውተር የሚባለው አነስተኛ ሳጥን ነው። ለዚሁ ሥራ እንደ ልማዳችን ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል። በፕሮፎርማዎቹ ላይ የራውተሩ ሞዴል፣ የስዊቹ ቀዳዳ ብዛት፣ የኬብሉ ሜትር፣ የባለሙያ ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስ አንድ በአንድ ይዘረዘራሉ። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ ባለሙያውም ኬብሉን ዘርግቶ፣ ኢንተርኔቱ መሥራቱን አሳይቶ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል።

በነዚህ ወረቀቶች ላይ ብዙውን ጊዜ የማይገኝ አንድ መስመር አለ። እርሱም በዚህ ሳጥን በኩል ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ ምንስ ከደጅ ይመለስ የሚለውን የሚወስነው የማጣሪያ ደንብ ነው። ሳጥኑ ተገዝቷል፤ ኬብሉም ተለክቶ ተከፍሎበታል፤ ለደንቡ ግን ዋጋ አልወጣለትም። ዋጋ ያልወጣለት ነገር ደግሞ በገበያ ላይ አይቀርብም፤ ቢቀርብም በችሮታ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቋም እንግዲህ አጭር ነው። ነጋዴው መግዛት የሚገባው ሳጥኑን ብቻ ሳይሆን ደንቡንም ጭምር ነው፤ ደንቡም በወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ በባለቤቱ ተፈርሞ፣ እንደ ንግድ ፈቃዱና እንደ ኪራይ ውሉ በፋይል መቀመጥ አለበት። ነገሩ ለባለሙያ ተብሎ የሚተው አይደለም። የካዝናውን ቁልፍ ማን ይያዝ የሚለው ጥያቄ የባለቤቱ እንደሆነ ሁሉ ይህም የባለቤቱ ነው።

ካዝናው ሽቦ ውስጥ ገብቷል

ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ የሚጠቀሙበት ጥቂቶች ነበሩ፤ ሥራውም በአብዛኛው በስልክ መስመር ደብዳቤ መላላክ ነበር። በዚያን ጊዜ የቢሮው ኮምፒዩተር ቢበላሽ የሚጠፋው የተተየበ ደብዳቤ ነው። ሒሳቡ በመዝገብ፣ ደረሰኙ በጥራዝ፣ የደንበኛው ስልክ በማስታወሻ ደብተር ላይ ነበርና ሱቁ በማግስቱ ይከፈታል።

ዛሬ ሁኔታው ሌላ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት ጀምሮ ቴሌኮሙ የአንድ ድርጅት ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አስመጪው ከአቅራቢው ጋር የሚዋዋለው በኢሜይል ነው። ዲክላራሲዮኑ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሞላል። ሒሳብ ሠራተኛዋ የምትሠራው በፒችትሪ ነው። ባንኩም በኢንተርኔት ይታዘዛል። ደላላውም ቢሆን የዋጋ ዝርዝሩንና የደንበኞቹን ስም የሚያስቀምጠው በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ከዚህ በተጨማሪ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዝ ድርጅት ለመረጃው ደኅንነት ተገቢውን የቴክኒክ ጥበቃ እንዲያደርግ ግዴታ ጥሎበታል።

በሌላ አነጋገር፣ መጋዘኑና ካዝናው በከፊል ወደ ሽቦ ገብተዋል። መጋዘናችን ላይ ዘበኛ አለን፤ ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 የሚሉ ቅጾችን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተማርን ነጋዴዎች ብዙ ነን፤ ያለ መውጫ ወረቀት አንድ ካርቶን ሳሙና ከበር አያልፍም። በራውተሩ በር ግን በየደቂቃው ስለሚወጣውና ስለሚገባው ነገር የተጻፈ አንድ ወረቀት የለንም።

ኬላው እንዴት ይሠራል?

ነገሩ ለባለሙያ ብቻ የሚገባ ምሥጢር አለመሆኑን ለማሳየት አሠራሩን ባጭሩ እንመልከት።

በኢንተርኔት የሚጓዝ ነገር ሁሉ፣ ኢሜይልም ይሁን የባንክ ትዕዛዝ፣ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ነው የሚጓዘው። በእያንዳንዱ እሽግ ግንባር ላይ ከጭነት ሰነድ ጋር የሚመሳሰል ጽሑፍ አለ፤ ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ የጉዞው ዓይነት ቲሲፒ ይሁን ዩዲፒ፣ ሲደርስም የትኛውን አገልግሎት እንደሚፈልግ ይነገርበታል። የመጨረሻው ፖርት የሚባል ቁጥር ሲሆን እስከ 65,535 ይደርሳል። ድረ ገጽ በ80 እና በ443፣ ከመሥሪያ ቤት የሚላክ ኢሜይል በ587፣ የኮምፒዩተርን ገጽ ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ በ3389፣ በዊንዶውስ ፋይል መጋራት ደግሞ በ445 ነው የሚያልፈው። ፖርት ሲባል የሕንፃ ክፍል ቁጥር እንደማለት ይቆጠር፤ አድራሻው ሕንፃውን፣ ፖርቱ ክፍሉን ይነግረናል።

ማጣሪያው ኬላ ላይ እንደቆመ ተቆጣጣሪ ሰነዱን ያነባል እንጂ ጭነቱን አይፈታም። በእጁ የያዘውን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች ይመለከታል፤ ከሰነዱ ጋር የሚገጥም የመጀመሪያ መስመር ሲያገኝ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ያሳልፋል ወይም ይጥላል። ከዚያ መስመር በታች ያለውን አያይም። ስለሆነም በመጀመሪያው መስመር «ሁሉም ይለፍ» ብሎ ጽፎ በአሥረኛው «ከዚህ አድራሻ የሚመጣ አይግባ» ማለት አንዳች ዋጋ የለውም። ደንቦቹ ትክክል ሆነው ቅደም ተከተላቸው ብቻ በመዛነፉ በሩ ክፍት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የዝርዝሩ መጨረሻም ትልቅ ጉዳይ ነው። በሲስኮ ራውተር ላይ በሚጻፍ የማጣሪያ ዝርዝር መጨረሻ ላይ «ሌላው ሁሉ ይከልከል» የሚል ለዓይን የማይታይ መስመር አለ። በማይክሮቲክ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ከየትኛውም ደንብ ጋር ያልገጠመ ፓኬት ያልፋል፤ እንዲከለከል ከተፈለገ የመጨረሻውን መስመር ባለሙያው ራሱ መጻፍ አለበት። በአንደኛው የለመደ ባለሙያ ሌላኛውን ሲያዋቅር በሩ እንደተዘጋ አስቦ ክፍቱን ትቶት ሊሄድ ይችላል። ኢንተርኔቱ በሁለቱም በኩል ይሠራልና ባለቤቱ ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

«እኛን ማን ይፈልገናል?»

ይህን ጉዳይ ለነጋዴ ሲያነሱ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «እኛ ትንሽ ነን፤ ማን ይፈልገናል?» የሚል ነው። መልሱ ሰው አይፈልገንም፤ ማሽን ግን ያገኘናል የሚል ነው። ጥቃት የሚፈጽሙ ፕሮግራሞች ድርጅት አይመርጡም፤ አድራሻዎችን በተራ እያንኳኩ የተከፈተውን ይገባሉ።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ፕሮግራም በ445 ፖርት በኩል እየተዛመተ በ150 ገደማ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ የቤዛ ገንዘብ ጠይቋል። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ ከማይክሮሶፍት የወጣው ከሁለት ወር በፊት ነበር። በእንግሊዝ የሕዝብ ሆስፒታሎች ብዙ ሺህ ቀጠሮዎች ተሰርዘዋል። የአገሪቱ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት በዚያው ዓመት ባወጣው ሪፖርት ማስተካከያው ቢጫንም ባይጫንም፣ ሆስፒታሎቹ ወደ ኢንተርኔት የሚመለከተውን ፋየርዎላቸውን በአግባቡ ቢያስተዳድሩ ኖሮ ከጥቃቱ በዳኑ ነበር ብሏል። አንድ ፖርት ይከልከል የሚል አንድ መስመር ማለት ነው።

ወደ ትናንሾቹ ሳጥኖች ስንመጣም ታሪኩ ያው ነው። በላትቪያ የሚሠራው ማይክሮቲክ በብዙ አገሮች አነስተኛ ቢሮዎች ውስጥ የታወቀ ራውተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በማዘዣ ፕሮግራሙ ላይ ቀዳዳ ተገኘ፤ ኩባንያውም በሚያዝያ ወር ማስተካከያ አወጣ። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት በክረምቱ ወራት ከ200,000 በላይ የሚሆኑ የዚህ ኩባንያ ራውተሮች፣ በመጀመሪያ በብራዚል ከዚያም በሌሎች አገሮች፣ ለሌባ የዲጂታል ገንዘብ እንዲቆፍሩ ተደርገው መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ገለጹ። አጥቂዎቹ የገቡት በ8291 ፖርት በኩል ነበር። ይህ ፖርት ራውተሩን ለማዘዝ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ከውጭ እንዲከፈት የሚያስገድድ አንዳች የንግድ ምክንያት የለም። ፖርቱን ከውጭ የዘጉ ቢሮዎች ማስተካከያውን ቢያዘገዩም እንኳ ከበር ላይ መልሰውታል።

በሩ ወደ ውጭም ይከፈታል

ብዙ ሰው ማጣሪያ ሲባል የሚታየው ከውጭ የሚመጣውን መከልከል ብቻ ነው። የመጋዘን ዘበኛ ግን የሚፈትሸው የሚወጣውን ጭምር፣ እንዲያውም በተለይ የሚወጣውን ነው። በቫይረስ የተያዘ አንድ የቢሮ ኮምፒዩተር በ25 ፖርት በኩል በቀጥታ ቆሻሻ ኢሜይል ወደ ዓለም ሲረጭ የቢሮው አድራሻ በጥቁር መዝገብ ሊሰፍር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ከዚሁ አድራሻ የሚወጣ ደብዳቤ ከተቀባዩ ደጅ ይመለሳል። ለአቅራቢ የተላከ የግዢ ትዕዛዝ መመለስ ለነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

የደኅንነት ካሜራዎቻችንም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ፕሮግራም ከፋብሪካ በወጡበት የይለፍ ቃል የሚሠሩ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በብዛት ማርኮ በጥቅምት 21 ቀን ዳይን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላይ አዘመታቸው፤ ለሰዓታትም ትዊተርንና ኔትፍሊክስን ጨምሮ ታላላቅ ድረ ገጾች ለብዙ ሰው አልከፈት አሉ። ሌባ ለመያዝ የተገዛው ካሜራ የሌባ ተባባሪ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

በውስጥ ያሉትን መለያየትም የማጣሪያው ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ሌቦች ከባንግላዴሽ ማዕከላዊ ባንክ የኒውዮርክ ሒሳብ 951 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለማውጣት ሞክረው 81 ሚሊዮን ዶላር ወደ ፊሊፒንስ ማሻገር ችለዋል። ጉዳዩን የያዙት የአገሪቱ ፖሊስ መርማሪ በወቅቱ ለሮይተርስ እንደገለጹት ባንኩ ፋየርዎል አልነበረውም፤ የገንዘብ ማስተላለፊያ ኮምፒዩተሮቹንም ያገናኘው በ10 ዶላር በተገዙ ያገለገሉ ስዊቾች ነበር። የገንዘቡ ክፍል ከሌላው ቢሮ ተለይቶ አልታጠረም ማለት ነው። በ10 ዶላር ዕቃ የቆጠበ በሚሊዮን ከፈለ። ማዕከላዊ ባንክ ላይ ይህ ከደረሰ፣ የባንክ ትዕዛዝ የምትልከው ሒሳብ ሠራተኛና ዋይፋይ የሚጠቀም እንግዳ በአንድ መስመር የተቀመጡበት ቢሮ ምን ሊባል ነው?

ገበያው ለምን አላረመውም?

አንድ አንባቢ «ነገሩ ይህን ያህል ጠቃሚ ከሆነ ገበያው ራሱ ለምን አላቀረበውም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ኢኮኖሚክስ ውስጥ አለ።

ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ አንድ ጥናት አሳትመው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት የተጋሩትም በዚህ ዓይነት ሥራቸው ነው። ፍሬ ነገሩ መኪና የገዛ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሻጩ የሞተሩን ጤንነት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው መለየት ስለማይችል ለደህናውም ለብልሹውም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ነው። በዚህ ዋጋ ደህና መኪና ያለው አይሸጥም፤ ገበያው ላይ ብልሹው ይበዛል።

የራውተር ማዋቀር ገበያም ይኸው ነው። ጥንቁቅ ባለሙያ የቢሮውን ሥራ ጠይቆ፣ ደንቡን ጽፎ፣ ፈትሾ ለማስረከብ አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል፤ ይህን በዋጋው ላይ ሲጨምር በፕሮፎርማ ውድድር ይሸነፋል። ግዴለሹ በግማሽ ቀን ጨርሶ ያሸንፋል። ገዢው በሁለቱም ጊዜ የሚያየው አንድ ነገር ነው፤ ድረ ገጹ ተከፈተ። በዚህ አካሄድ ጥንቁቁ ባለሙያ ወይ እንደ ግዴለሹ መሥራት አለበት፣ ወይ ሥራውን መተው። ስለዚህ ጥፋቱን በባለሙያዎቹ ላይ ብቻ መደፍደፍ ፍትሐዊ አይደለም። የማይታየውን ነገር በዝቅተኛ ዋጋ የምንገዛው እኛው ነን።

መኪና ገዢ ለዚህ መድኃኒት አግኝቷል፤ የራሱን መካኒክ ይዞ ይሄዳል። እኛም የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ አለብን። የሚታየውም በሁለት ነገር ነው፤ በተጻፈ ደንብና በገለልተኛ ፍተሻ።

አንድ ገጽ ይበቃል

ስምንት ሠራተኞች፣ አራት ካሜራዎችና ለእንግዳ የሚሆን ዋይፋይ ያለውን አንድ የአስመጪ ቢሮ እንውሰድ። የዚህ ቢሮ ደንብ ከአንድ ገጽ አያልፍም። መሠረቱ «ያልተፈቀደ ሁሉ ክልክል ነው» የሚል ነው። የሚከለከለውን እየቆጠሩ መጻፍ ማለቂያ የለውም፤ የሚፈቀደው ግን ጥቂት ነው።

አንደኛ፣ ከውስጥ ለተጀመረ ግንኙነት የሚመጣ መልስ ይግባ፤ ጅማሬው የማይታወቅና የተዛባ ፓኬት ይጣል። አብዛኞቹ የዛሬ ራውተሮች ማን ምን እንደጠየቀ ስለሚያስታውሱ ይህን መለየት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ራውተሩን ራሱን ማዘዝ የሚችለው በውስጥ ካለ አንድ የታወቀ ኮምፒዩተር ብቻ ይሁን፤ ከውጭ ማንም እንዳይደርስበት።

ሦስተኛ፣ የሠራተኞች ኮምፒዩተሮች ለድረ ገጽ፣ ለኢሜይልና ለሥራቸው ወደሚያስፈልጉ አገልግሎቶች ይውጡ፤ በ25 እና በ445 ወደ ውጭ አይውጡ።

አራተኛ፣ ካሜራዎቹ ምስላቸውን ወደ መቅጃው ይላኩ፤ ወደ ኢንተርኔትም ሆነ ወደ ሒሳብ ክፍል አይሂዱ።

አምስተኛ፣ የእንግዳው ዋይፋይ ወደ ኢንተርኔት ብቻ ይሂድ፤ የቢሮውን ኮምፒዩተርና ማተሚያ አይይ።

ስድስተኛ፣ የቀረው ሁሉ ይጣል፤ የተጣለውም ይመዝገብ። መዝገቡ ማን እንዳንኳኳ ይናገራል፤ ሠራተኛው «አልሠራልኝም» ሲልም የትኛው መስመር እንዳገደው ያሳያል።

እዚህ ላይ ባለቤቱ አንድ ነገር ልብ ይበል። አራተኛውና አምስተኛው ደንብ የሚሠሩት ካሜራው፣ እንግዳውና ሠራተኛው በተለያየ ኔትወርክ ከተቀመጡ ብቻ ነው። በአንድ ኔትወርክ ያሉ ዕቃዎች በስዊቹ በኩል በቀጥታ ስለሚነጋገሩ ራውተሩ አያያቸውም፤ ዘበኛው በር ላይ ቆሞ ጎረቤታሞቹ በጓሮ እንደሚገናኙት ማለት ነው። ስለዚህ በፕሮፎርማው ላይ የሚጠየቀው ስዊች ኔትወርኩን መከፋፈል የሚችል ሊሆን ይገባል። የቢሮው መስመር አይፒ 6 የሚባለውን አዲሱን አድራሻ የሚጠቀም ከሆነም ለእርሱ የተለየ ደንብ ያስፈልጋል፤ ለአሮጌው የተጻፈው አዲሱን አይጠብቅም።

ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ሦስት ነገሮች ይጻፉ፤ ለምን እንደተፈቀደ፣ ማን እንደጠየቀ፣ መቼ እንደሚታይ። ሒሳብ መርማሪው ለሁለት ሳምንት ከቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተብሎ የተከፈተ በር ከሁለት ዓመት በኋላም ክፍት ሆኖ የሚገኘው ቀን ስላልተጻፈበት ነው። እንዲያውም ለዚህ ዓይነት ሥራ 3389ን ለዓለም ከመክፈት ይልቅ ቪፒኤን የሚባለውን የታጠረ መስመር ማስገባት ይሻላል።

«ሥራ ያስተጓጉላል» ለሚሉ

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ሁሉም ባዶ አይደሉም።

የመጀመሪያው ሥራ ያስተጓጉላል የሚለው ነው። እውነት ነው። ያልተፈቀደ ሁሉ ሲከለከል በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ የተረሳ ፕሮግራም ይቆማል፤ ሠራተኛ ያጉረመርማል። መፍትሔው ለውጡን በወር መዝጊያ ወይም የታክስ ማሳወቂያ በሚደርስበት ሳምንት አለማድረግ፣ ባለሙያውም ለአንድ ሳምንት በስልክ እንዲገኝ በውሉ ማስገባት ነው። ጉርምርምታ ሲነሳ «ለጊዜው ሁሉንም ክፈተው» ማለት ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ነው።

ሁለተኛው «ራውተሩ የውስጥ አድራሻችንን ስለሚደብቅ ያለ ደንብም ተጠብቀናል» የሚለው የባለሙያዎች መልስ ነው። ናት የሚባለው የአድራሻ ልወጣ አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ኮምፒዩተር እንዲበቃ የተዘጋጀ እንጂ ለዘበኝነት የተቀጠረ አይደለም። ካሜራን በስልክ ለማየት ተብሎ ወደ ውስጥ የተመራ አንድ ፖርት፣ ወይም ዩፒኤንፒ በሚባለው አሠራር መሣሪያዎች ራሳቸው የሚያስከፍቱት በር መጋረጃውን ይቀደዋል። የሚወጣውንማ ጨርሶ አይከለክልም።

ሦስተኛው ማጣሪያው ሁሉን አያድንም የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው፤ መደበቅም አይገባም። ቀደም ሲል እንዳልነው ማጣሪያው ሰነዱን እንጂ ጭነቱን አያይም። የአቅራቢን ስም ይዞ «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯልና ክፍያውን ወደዚህ ላኩ» የሚል የሐሰት ኢሜይል በተፈቀደው በር ሰተት ብሎ ይገባል። የአሜሪካው ፌደራል የምርመራ ቢሮ በዚህ ዓይነት ማታለል እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሣራ ሪፖርት ደርሶታል። የዚህ መድኃኒቱ ስልክ አንስቶ አቅራቢውን በቀድሞው ቁጥሩ መጠየቅ ነው። ዳሩ ግን ዘበኛ የሐሰት ቼክ አይለይም ተብሎ መጋዘን ያለ ዘበኛ አይታደርም።

የወጪው ነገርም ይነሳል። ይህን ሁሉ የሚሠራ ራውተር በዓለም ገበያ ከ100 ዶላር ባነሰ ዋጋ ይገኛል፤ ብዙ ቢሮዎች ቀድሞውኑ አላቸው። የሚጨመረው የባለሙያ የአንድ ሁለት ቀን ክፍያ ነው። በሌላው የሚዛን ሳህን ላይ የተቆለፈ ፒችትሪ፣ የጠፋ የደንበኛ ሒሳብ፣ ሰነዱ ባለመገኘቱ ወደብ ላይ ቆሞ ኪራይ የሚቆጥር ኮንቴይነር አለ።

በውል ላይ ምን ይጻፍ?

ከዚህ በኋላ ፕሮፎርማ የሚሰበስብ ነጋዴ ሳጥኑንና ሥራውን ለይቶ ዋጋ ይጠይቅ። ሥራው በሚለው ስር የሚከተሉት ይዘርዘሩ። የማጣሪያ ደንቡ በአማርኛ፣ ባለቤቱ በሚገባው ቃል፣ በአንድ ገጽ ተጽፎ ይቅረብ። የራውተሩ የይለፍ ቃል ከፋብሪካው ተቀይሮ በታሸገ ፖስታ ለባለቤቱ ይሰጥ። የራውተሩ አሠሪ ፕሮግራም የመጨረሻውን ማስተካከያ ይያዝ። የደንቡ ቅጂ በፋይል ተቀምጦ ከራውተሩ ውጭ ይኑር።

የመጨረሻው ነጥብ ለአገራችን ልዩ ትርጉም አለው። በሲስኮ ራውተር ላይ የገባ ደንብ በቋሚነት ካልተመዘገበ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አብሮ ይጠፋል፤ ራውተሩ ምንም እንዳልተጻፈበት ሆኖ ይነሳል። በሌሎቹም ቢሆን ኢንተርኔት ተቋረጠ ብሎ የሪሴቱን ቁልፍ በእስክሪብቶ ጫፍ ተጭኖ የሚይዝ ሰው ደንቡን ሁሉ ሊያጠፋው ይችላል። ኢንተርኔቱ ይመለሳል፤ ዘበኛው አይመለስም። ማንም አያውቅም።

ክፍያውም በሁለት ይከፈል፤ ግማሹ ሥራው ሲያልቅ፣ ግማሹ ከፍተሻ በኋላ። ፍተሻውን ሌላ ባለሙያ በባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ከቢሮው ውጭ ሆኖ ያካሂድ፤ ኤንማፕን የመሰሉ በነፃ የሚገኙ መፈተሻዎች ከውጭ የትኞቹ ፖርቶች ክፍት እንደሆኑ ይናገራሉ። ከእንግዳው ዋይፋይ ሆኖም የሒሳቡን ኮምፒዩተር ለማግኘት ይሞክር። ውጤቱ ከወረቀቱ ጋር ከገጠመ ቀሪው ይከፈላል፤ ካልገጠመ ይታረማል። በስድስት ወር አንድ ጊዜ፣ እንዲሁም ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ባለሙያ ሲቀየር ወረቀቱና ራውተሩ እንደገና ይመሳከሩ። ይህ ሲለመድ ጥንቁቁ ባለሙያ ለጥንቃቄው ዋጋ ያገኛል፤ ግዴለሹም በርካሽ ዋጋው ብቻ ማሸነፉ ይቀራል።

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። ፋይሉ ከተቆለፈ በኋላ ባለሙያ ፍለጋ መሮጥ፣ ማን አዋቀረው ብሎ መካሰስ ለማንም አይበጅም። አንባቢ ሰኞ ጠዋት ቢሮው ሲገባ ራውተሩን ላዋቀረለት ሰው አንድ ጥያቄ ያቅርብ፤ «በዚህ በር ማን እንዲገባና ማን እንዲወጣ እንደፈቀድን በአንድ ገጽ ጽፈህ አምጣልኝ።» ወረቀቱ በዚያው ቀን ከመጣ መልካም ነው። ካልመጣ ግን በሩን እስከ ዛሬ ማን እንዳዘዘው ታውቋል፤ ማንም።